የነዳጅ ማደያው ሳቅ

ሳቂታዬ፣

ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል፤ ባልዲው ሳይሞላ ድፊው።
ኩባያሽ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ፣ ይቅርታ። ጠርጌያለሁ፤ ቢሆንም ኩሽና በባዶ እግርሽ እንዳትገቢ።

የተሰበረው ትናንት አብረን ስላየነው የፍቅርና የጉዞ ፊልም ኢንተርኔት ላይ የጻፍሽውን አስተያየት ሳነብ ነው።
«ሰውዬው ልጅቷን ነዳጅ ማደያ ረስቷት ሲሄድ በሳቅ ፍርስ አልኩ! አብራኝ የምትኖረውንም እጮኛዋ እንዲሁ ጥሏት ሄዶ እስኪመሽ ቆማ ጠብቃዋለች» ብለሻል።
ስንቱ ሳቀበት መሰለሽ!

ያንን የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነበር።

ፊልሙስ ቀላል ነው፣ ደስ ይላል። እኔም እንባዬን በሳቅ አሳብቤ አብሬሽ ስቄያለሁ።

እህቴ ጋ ሄጃለሁ፤ አትደውዪ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም።
የፊልሙ ሰውዬ መኪናውን አዙሮ መጥቶላታል።