በዱቫን ቁመት ልክ የተጋገረ ዳቦ

ውድ ዱቫን፣

አታውቀኝም። ስሜ ኢነከ ነው፤ ሆላንድ ውስጥ አልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ዳር ከባሌ ከሃርም ጋር ላም እያረባን እንኖራለን። የአራት ዓመት ልጅ ሳለህ በጉዲፈቻ ወደ እኛ ልትመጣ ነበር። ይህን ሰው ነግሮህ እንደሆነ አላውቅም። ለዚህ ነው ደብዳቤውን መጀመሪያ አክስትህ እንድታየው የጠየቅሁት፤ እሷ ይሁን ካለች ብቻ እጅህ ይገባል።

ከኮሎምቢያ የደረሰን ፎቶህ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከወገብህ በላይ። ቀይ ሹራብ ለብሰህ፣ ፎቶ አንሺውን በኩርፊያ ታየዋለህ። እንግዲህ ያ ፎቶ ያልገባበት ቤት የለም። አማቴ ዲኒ በቦርሳቸው ይዘውት ሥጋ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ይዞራሉ።

«የልጅ ልጄ ነው። ግንባሩን እዩልኝ፤ ቁርጥ ሃርምን!» ይላሉ። «እንዴት ሆኖ?» ብሎ የደፈራቸው ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአገርህን ሩዝ በቦሎቄ መሥራት ይለማመዳሉ። ልጁ ሲመጣ እጄ እንዳያፍር ነው ባይ ናቸው። የመጀመሪያውን ድስት ውሻችን እንኳ አሽትቶት ሄደ። ሃርም በበኩሉ ስፓኒሽ የሚያጠናው ላሞቹን ሲያልብ ነው። «ልጄ፣ ራበህ? ልጄ፣ በረደህ?» ይላቸዋል ላሞቹን፣ ጠዋትም ማታም። ይህን ደብዳቤም የሚተረጉምልኝ እሱ ስለሆነ፣ የጋጣ ጠረን ያለው ቃል ካገኘህበት ታገሰው።

እኔ? እኔ እንደነሱ አላወራሁም። አንሶላ ልቀይር ብዬ ላንተ ያዘጋጀነው ክፍል እገባና አልጋህ ላይ ቁጭ እላለሁ። ያልቆሸሸ አንሶላ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩ ሃርም ያውቃል፤ አንድም ቀን ግን አልተናገረኝም።

በእኛ ሰፈር ልጅ ሲወለድ ጎረቤቶች ዘቢብ የሞላበት ረጅም ዳቦ ያስጋግሩና መሰላል ላይ አጋድመው፣ በትከሻ ተሸክመው ይመጣሉ። ላንተ ምን ይደረግ የሚለው ክርክር ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው።

«የአራት ዓመት ወንድ ነው፤ የአራስ ዳቦ ብናመጣለት ይሰድበናል» አለ ጎረቤታችን ባረንት። «በቁመቱ ልክ ይጋገርለት!»

ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ፎቶው ግን እግር የለውም።

«ትከሻውን ስታዩት አጭር ነው» አለ ባረንት።

«አጭርስ አንተ!» አሉ ዲኒ። «ይሄ ልጅ ሲቆም በር የሚሞላ ነው።»

በመጨረሻ ሃርም ለጉዲፈቻ ድርጅቱ ደውሎ ቁመትህን ጠየቀ። አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተባለ። ይህን የሰማ ዳቦ ጋጋሪው ቴዮ እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ ምድጃው ልክ አንድ ሜትር ነው።

«ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይግባ» አለ ባረንት።

«የኔ የልጅ ልጅ ለማንም ጉልበቱን አያጥፍም!» ብለው ዲኒ ተቆጡ። ቴዮም አግድሞሹን ትቶ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ አድርጎ ሊሞክረው ቃል ገባ።

ወደ አንተ ልንበር ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ ሻንጣችን ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ። የድርጅቱ ሴትዮ ነበረች።

«ኢነከ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ።

አክስትህ ሉስ ዳሪ ተገኝታ ነበር። እናትህ ካረፈች በኋላ የት እንዳስገቡህ አጥታ ስትፈልግህ ኖራለች። ማሳደጊያ ውስጥ መኖርህን ስትሰማ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ በሩ ላይ ደረሰች። ገና ስታያት ሮጠህ ቀሚሷ ውስጥ ተሸሸግህ አሉን። ዳኛውም ከእሷ ጋር እንድትሄድ ወሰነ።

«ለልጁ መልካም ዜና ነው» አለችኝ ሴትዮዋ።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ከደጅ አኮርዲዮን ሰማሁ። ለካ ቴዮ የሙከራውን ዳቦ ጋግሮ ኖሯል፤ መሰላሉ በበራችን ያልፍ እንደሆነ ሊያዩ መጥተዋል።

«ኢነከ! ክፈቺ እንጂ፣ ልጁ ከበደን!» ይጮሃል ባረንት።

ከፈትኩላቸው። ፊቴን ሲያዩ አኮርዲዮኑ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። ጫጫታውን ሰምተው ሃርም ከጋጣ፣ ዲኒም ከማድ ቤት መጡ። በሁለት አረፍተ ነገር ነገርኳቸው። ባረንት ቆቡን አወለቀ። መሰላሉን ከነዳቦው ሁለት ወንበር ላይ አሳረፉት፤ ዳቦው እዚያ ተጋድሞ፣ እኛ ዙሪያውን ቆምን። ሃርም የዳቦውን ጫፍ በመዳፉ ሸፈነው፤ ልጅ ራስ ላይ እጅ እንደሚጫን።

ዲኒ እሪ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አክስትየዋ በምን መጣች አልሽኝ?» አሉ።

«በአውቶቡስ። ሁለት ቀን ተጉዛ።»

«ሁለት ቀን!» አሉና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ከዚያ ባረንት ፊት ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። «እንኳን ደስ ያለህ።»

በእኛ አገር፣ ቤት ውስጥ ደስታ ሲኖር የተሰበሰበው ሁሉ አንድ በአንድ እጁን እየተጨበጠ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። ቴዮ ግራ ገብቶት «በምኑ እማማ?» አላቸው።

«ልጁ ሰው አለው! ሁለት ቀን ተጉዞ የሚመጣለት ሰው። እኔ ላንተ ያን ያህል እጓዛለሁ?»

ቴዮን ጨበጡ፤ ልጃቸውን ሃርምን ጨበጡ። እሱ እጃቸውን ይዞ አለቀሰ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

«እኔ አልችልም፣ እማማ።»

«ይሁን የኔ ልጅ፤ ዛሬ ባይሆን ሌላ ቀን ትይኛለሽ» አሉኝና ቢላ ፍለጋ ሄዱ። ዳቦውን ቆርሰን ቅቤ ቀብተን በላን። ቴዮ መሃሉ በደንብ አልበሰለም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ካንተ በኋላ ሌላ ልጅ አልመጣልንም፤ ዕድሜያችን አለፈ ተባልን። ዱቫን፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ለረጅም ጊዜ ያ አውቶቡስ ምነው መንገድ ላይ ተበላሽቶ በቀረ ብያለሁ። አክስትህን አላውቃትም፤ ግን ቀንቼባታለሁ። ዳቦ ቤት ስገባ ቴዮ እንዳያዋራኝ መደርደሪያውን አያለሁ። ዲኒ ግን ያላልኳቸውን «እንኳን ደስ ያለዎት» አንድም ቀን አላስታወሱኝም። በልደቴም፣ በበዓልም እጄን ሲጨብጡ ትንሽ ያቆዩታል፤ ከዚያ ይለቁኛል። ስጠብቅ የነበርኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸውም እኔን ይጠብቁ ነበር።

ባለፈው ክረምት አረፉ። በአገራችን ወግ ሬሳቸውን ተሸክመው ያወጡት እነ ባረንት ናቸው። ከቀብር ስንመለስ ሃርም «እናቴ እስከ መጨረሻው ልጁ ስንተኛ ክፍል ደርሶ ይሆን ትለኝ ነበር» አለኝ። እኔን ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሊያሳምሙኝ ስላልፈለጉ ነው። እኔም «እማማ፣ ልክ ነበሩ» ሳልላቸው ሄዱ። ይህ ነው የሚቆጨኝ፤ አንተ ሳትመጣ መቅረትህ አይደለም። እሱማ ያማል እንጂ አይቆጭም።

ለእሳቸው መድረስ አልቻልኩም፤ ላንተ ግን ቃሌ ይደርስ ይሆናል። ዱቫን፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ሰው አለህ። ሉስ ዳሪ፣ ይህን ቀድመሽ የምታነቢው አንቺ ነሽና፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ልጅሽን አገኘሽ። እጄን ዘርግቻለሁ።

ኢነከ
ከአልተን