ብራናው ላይ የነጠበው ውሃ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ እንዳልልህ የሸኘሁህ ትናንት ጠዋት ነው። ይህን ወረቀት ነገ ወደ ጉባኤው የምትመጣው የሥራ ባልደረባህ ታደርስልሃለች። በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ደውዬ ነበር፤ ሦስቴም "ምሳ በላህ?" ብዬ ዘጋሁት። አፌ እምቢ አለኝ።

ሆዴ፣ ሐሙስ ከሰዓት በሊቃውንቱ ፊት የምትናገርለት የውሃ እድፍ የጥንት አይደለም። የኔ ነው።

የዛሬ ዓመት፣ የሥራ ክፍልህን ላጸዳ የገባሁ ቀን፣ ስልክ ተደውሎልህ ስትወጣ፣ መስታወቱን ከላያቸው አንስተህ ገና በአጉሊ መነጽር ያላየሃቸውን ሁለቱን የዕብራይስጥ ብራና ቁራጮች ጎን ለጎን ትተሃቸው ነበር። ጠረጴዛው ጋ ድርሽ እንዳትዪ ብለኸኛል፤ እኔም ጠረጴዛውን አልነካሁም። ከላዩ ያለው መብራት አቧራ ለብሶ ሳየው አላስቻለኝም እንጂ! ወንበር ላይ ቆሜ ስወለውል ጨርቁ አንጠባጠበ። ያውም ወለል ያጠብኩበት ውሃ። ስወርድ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ተሻግሮ ተዘርግቷል። በሻሼ ጫፍ መጠጥ መጠጥ አድርጌ አደረቅሁት፤ ዳር ዳሩ ግን ቡናማ ሆኖ ቀረ። ፎቶ አንሺው ገና በማግስቱ ነበር የሚመጣው፤ ያለ እድፉ የሚያሳያቸው ፎቶ የለም።

ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነጋታው አጉሊ መነጽርህን ይዘህ እየዘለልክ መጣህ።

"እትዬ፣ አንድ ገጽ ናቸው!"

"ምኖቹ?"

"ቁራጮቹ ናቸዋ! አባት ልጁን የሚመክርበትና አንድ ሰውዬ ስለ ሞት የሚያማርርበት። እድፉ ከአንዱ ወደ አንዱ ያልፋል። ከመቀደዳቸው በፊት ነው የራሱት ማለት ነው! ሽማግሌው መምህሬ ሁለት መጽሐፍ ናቸው ብለው ድርቅ ብለውብኝ ነበር።"

"ውሃ እኮ በኋላም ሊነካቸው ይችላል" አልኩህ።

"አንቺ ደግሞ ሊቅ ሆንሽብኝ!" ብለህ ጉንጬን ሳምከኝ። አብሬህ ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬህ ሳቅሁ።

ባለፈው ወር አንተ በሌለህበት ሽማግሌው መምህርህ መጥተው ነበር። ፎቶውን ብዙ ሲያገላብጡ ቆዩና፣ "አርባ ዓመት ብራና ላይ ያፈጠጠ ዓይን እንዲህ ይከዳል?" አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል። ከዚያ የሚጠጣ ውሃ ለመኑኝ። ብርጭቆውን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ስቀር፣ "አይዞሽ ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። ስለ ቁራጮቹ ሲጽፉት የኖሩትን መጽሐፍ ትተውታል ሲባል ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ የዚያን ክፍል በር ስከፍት መጀመሪያ ቀና ብዬ መብራቱን አያለሁ። ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ "ነቁብኝ" እላለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝ የሚወለወል ወለል አላጣም። አንተን ግን ስለ መስታወቱ ይጠይቁሃል፤ ስምህን ያነሱታል። ይህን ሁሉ አስቤ ነው አንድ ዓመት ሙሉ የዋጥኩት።

አሁን የምፈራው ሌላ ነው። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ቤቴ ባትረግጥ እችለዋለሁ። የምፈራው ይህን አንብበህ፣ አጥፈህ ኪስህ ከትተህ፣ ወጥተህ ምንም እንዳልተፈጠረ ንግግርህን እንዳታቀርብ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግሁህ፤ ነገር ስትደብቅ እንዴት ዝም እንደምትል አውቃለሁ። ከማን እንደተማርከውም አሁን ገባኝ።

ለመምህርህም ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከአንተ አፍ ቢሰሙት ይሻላቸዋል ብዬ አልላክሁትም። ሐሙስ እስከ ምሳ ሰዓት እጠብቅሃለሁ፤ ካልደወልክ ራሴ ይዤላቸው እሄዳለሁ።

እባክህ ደውል።

የምትወድህና የምትፈራልህ
እህትህ