የአጎቴ የመነጽር ማዞሪያ

ዓርብ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ከባድ ሐዘን ደርሶብናል። የአጎቴ የጉዮ ክብር ዛሬ ጠዋት ጎልቦ ሜዳ ላይ አርፏል።

ጅብ ሦስት ፍየል ከበላብን ወዲህ ጠባቂው አጎቴ ነው። ከጎረቤታችን ከአባ ቦሩ ጋር ግን በጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር አጠቃቀም ሲከራከሩ ሰነበቱ። አጎቴ ለሩቅ ዒላማ የመነጽሩን ማዞሪያ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ያዞርና በመነጽሩ ውስጥ የሚታየውን መስቀል ዒላማው መሀል ላይ ያሳርፋል። አባ ቦሩ ማዞሪያውን አይነካም፤ ከመስቀሉ በታች ባሉት ጭረቶች ያልማል።

ዛሬ አጎቴ አዙሮ ሩቅ ያለውን ቢጫ ጀሪካን በሳው። "አየህ ቦሩ? ይሄ ነው ትምህርት!" አለ።

እኔ ደግሞ ቀደም ብዬ ቅርብ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ግራጫ ጆንያ ወትፌ ነበር። "ጅብ! አጎቴ፣ ጅብ!" ብዬ ጮህኩ። ለሩቁ ያዞረውን ማዞሪያ ለቅርብ ሳይመልስ ተኮሰ፤ ጥይቱ ከላይ አልፎ ከኋላ ካለው ኩይሳ ላይ አቧራ አስነሳ።

አባ ቦሩ፣ "ፖሌ፣ አይዞህ ጉዮ! ጅብ እኮ ማዞሪያህን እስክትመልስ ቆሞ አይጠብቅህም" አለው።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መልሶ በፕላስተር ሲያሽገው አየሁት። ጆንያውን ማን እንዳስቀመጠ ግን እስካሁን አልጠየቀም። ይህ ደግሞ አላማረኝም።

ለማንኛውም ነገሩ ያን ያህል አይደለም። የሞተ የለም፤ ጆንያው እንኳ አልተቧጨረም።