ስለ ተቆረጠው የአያ ነጋ ማስነጠስ

ለክቡር ባላምባራስ እንኳየሁ፣
የትርዒት ምርመራ ሹም፣
ጎንደር።
የካቲት ፯ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ይህ የየካቲት ነፋስ ጉልበትዎን እንዳይዘው፣ ዓይንዎ ፊልም ከመመርመር ብዛት እንዳይደክም፣ ክንድዎም ማኅተም በማሳረፍ እንዳይዝል ከልብ እመኛለሁ። እኔ ታናሽዎ ክንዱ ሐብተ ማርያም፣ በፒያሳው ሲኒማ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊልም ሳሳይ፣ የተበጠሰውን ስቀጥል፣ የረዘመውን ስቆርጥ የኖርኩ ሰው፣ ካለፈው ወር ጀምሮ በእርስዎ ቸርነት ሥራ ፈት በመሆኔ ለጽሕፈት የሚበቃ ጊዜ አግኝቻለሁና በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን በግልጽ ያደረግሁበትም ምክንያት አለኝ። ለብቻዎ የጻፍኳቸው ሁለት ማመልከቻዎች ከመዝገብ ቤት ወጥተው እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ስላልታደሉ፣ ሦስተኛው በፒያሳ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ምናልባት አንድ መንገደኛ አንብቦ ይነግርዎታል ብዬ ነው።

መንገደኛው ነገሩን ከመነሻው አያውቀውም። ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁትን ደግመው ሲሰሙ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ነጋዴው ሐጂ ዐብዱረሕማን ባለፈው ጥቅምት ከቤታቸው ጓሮ ሎሚናታ የሚሉትን አረፋማ የሎሚ መጠጥ እየጠመቁ በጠርሙስ መሸጥ እንደ ጀመሩ ከተማው ያውቃል። ከትልቁ ፊልም በፊት የምትታይ፣ ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማትበልጥ ማስታወቂያ እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ። «አንተ ልጅ፣ የከተማ ሰው ጠጥቶ ሲኩራራ አታሳየኝ። ቀምሶት የማያውቅ ሰው ሲቀምሰው ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው» አሉኝ። ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራ ተዋስኩና በእሳቸው የጭነት ማኪና አንድ ሣጥን ሎሚናታ ይዘን፣ በደባርቅ መንገድ ድብ ባሕር ወረድን። ወሩ ታኅሣሥ ስለ ነበር ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው። እዚያ አያ ነጋ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ስንዴ ሲያበራዩ አገኘንና አንድ ጠርሙስ ከፍተን ሰጠናቸው።

አያ ነጋ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት፣ አማተቡ፣ ጎንጨት አሉ። አረፋው ወደ አፍንጫቸው ወጣና በሬዎቹ እስኪደነግጡ ድረስ አስነጠሱ። ከዚያም ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሸጋ ነው» አሉ ጠርሙሱን እያገላበጡ፣ «ግን ይራገጣል!» ይህ ሁሉ በካሜራዬ ገባ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ፊልም ሳሳይ ኖሬ፣ የራሴ የምለው ፊልም ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

ዘፈኑን ደግሞ አዝማሪዋ እናኑ አወጣች፤ ባሏ ሰጠኝ በማሲንቆ ተከተላት፤ እኔ በቴፕ ቀዳሁት። ክቡርነትዎ የዚህን ሥራ አድካሚነት አያውቁም ብዬ አልጠረጥርም፤ ነገር ግን ለመንገደኛው ስል ልናገር። ሥዕሉ በፊልም ነው፣ ዘፈኑ በቴፕ ነው፤ ሁለቱን ማኪናዎች እኩል አስነሥቶ እኩል ማስጨረስ የቆራጩ ፈንታ ነው። ፊልሙ በአንድ ሴኮንድ ሃያ አራት ሥዕል ያልፋል። ሦስት ቀን ሙሉ በምላጭ እየቆረጥሁ፣ በሙጫ እያጣበቅሁ፣ አራት ሥዕል አውጥቼ ሁለት እየመለስሁ፣ እናኑ ስንኟን ስትጨርስ ማሲንቆው ቀጥ እንዲል፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ አያ ነጋ እንዲያስነጥሱ፣ ማሲንቆውም ከሳቃቸው ጋር እንዲነሣ አደረግሁ። ሐጂ ዐብዱረሕማን ባዩት ጊዜ ሱቃቸው ሄደው አንድ ጠርሙስ አምጥተው በእጄ አስያዙኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ክቡርነትዎ ያቀረብነው። ከጸሐፊዎ ጋር ተቀምጠው ከመረመሩ በኋላ የሰጡኝን ትእዛዝ እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ።

፩ኛ. የተጣፈ ጋቢ የለበሰ ገበሬ ሲያስነጥስ ማሳየት አገርን ማዋረድ ስለሆነ ይውጣ አሉ። ስለ አገር ክብር ያለዎትን ሥጋት አደንቃለሁ። ጋቢውን የጣፉት የአያ ነጋ ባለቤት እመት ሽታዬ ናቸው፤ ጥፈታቸውም ከእኔ የፊልም ቅጥልጥል ይልቅ ያምራል። ያ ጋቢ የሚያዋርደን ከሆነ፣ በጋቢው ለባሽ እጅ የተመረተውን ስንዴ በየማለዳው ስንበላ እንዴት ሳንዋረድ እንደምንቀር እርስዎ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

፪ኛ. ዘፈኑ ይውጣ አሉ። እናኑ ያለችው ይህን ነው፤

«የሎሚውን ነገር ማን ነገረሽ አሉኝ፣
ጉሮሮዬን ጠይቁ እኔን አትጠይቁኝ።»

እርስዎም ጠረጴዛውን መታ አድርገው፣ «አትጠይቁኝ ማለት ምን ማለት ነው? መንግሥት መጠየቅ ሲፈልግ ይጠይቃል!» አሉኝ። ይህን ያህል ጥልቅ ትርጓሜ ከአንድ ጠርሙስ ሎሚናታ ማውጣት በቅኔ ቤት ዓመታት የፈጁ ሊቃውንት እንኳ የሚሆንላቸው አይመስለኝም። እናኑ ከዚያ ወዲህ አፏን የምትከፍተው ዙሪያዋን እያየች ነው።

፫ኛ. በወጣው ፈንታ ክቡርነትዎ ጠርሙስ ጨብጠው ምክር ሲሰጡ የሚያሳይ የአርባ ሴኮንድ ሥዕል ይግባ፣ በማርሽ ባንድ ሙዚቃም ይታጀብ አሉ። ማስታወቂያው በጠቅላላው ሰባ ሁለት ሴኮንድ ነው። ከአርባው የተረፈውን ሠላሳ ሁለት ለሎሚናታው ስለ ተዉለት ሐጂ ዐብዱረሕማን ምስጋናቸውን እንዳደርስ አዘውኛል።

«አልቆርጥም» አልኩ። «አንተ ደግሞ ማነህና ነው?» ሲሉኝ፣ «ቆራጩ ነኝ» አልኩ። ስም ጠይቀውኝ በሥራዬ መመለሴ ድፍረት ሆኖ ተቆጠረና በማግስቱ ለሲኒማ ቤቱ ባለቤት ደብዳቤ ደረሰው። እሱም ልጆች አሉትና አልፈርድበትም። ቁልፉን ተቀበለኝ። ፊልሙንም የእርስዎ ጸሐፊ በወረቀት መቀስ ቆርጦ የእርስዎን ሥዕል፣ በቴፑም ላይ ማርሹን አስገባበት።

አሁን የምነግርዎትን ግን አያውቁትም፤ ፊልሙ በታየበት ዕለት የተቀመጡት ከፊት ነበርና ወደ ኋላ አልዞሩም።

ፊልሙ የሚታይበትን ቅዳሜ ትእዛዝዎ ከመምጣቱ አስቀድሜ በአውቶቡስ ሾፌር በኩል ለአያ ነጋ ልኬባቸው ነበር፤ «መጥተው ራስዎን ይዩ» ብዬ። መልሼ አትምጡ ለማለት ቃል አጣሁ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልሸሽገውም። አያ ነጋና እመት ሽታዬ በዚያ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ከአውቶቡስ ወረዱ። የተጣፈውን ጋቢ ቤት ትተው ከጎረቤት አዲስ ተውሰዋል። ቲኬት ቆርጬ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ነገሩን በመንገር ፈንታ ስለ መንገዳቸው ጠየቅኋቸው።

መብራቱ ጠፋ። ማርሹ ተነሣ፣ ክቡርነትዎ ወጡ። ጸሐፊዎ ሥዕሉን ሲያስረዝም ቴፑን ማስረዘም ስለ ዘነጋው ማርሹ መንገድ ላይ ቀረና አፍዎ ያለ ድምፅ ይከፈት ይዘጋ ጀመር። ቆይቶም ሳይጠፋ የቀረው የዘፈኑ ጫፍ መጣና ምክርዎን ጨርሰው ምራቅዎን ሲውጡ እናኑ «ጉሮሮዬን ጠይቁ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እርስዎ ደስታ መስሎዎት ተነሥተው እጅ ነሡ፤ እንዲህ ያለ ትሕትና ከሹም አይቼ አላውቅም።

አያ ነጋ ግን አልሳቁም። እስከ መጨረሻው አንገታቸውን አስግገው ሸራውን ያዩ ነበር። መብራት ሲበራ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ የቱ ጋ ነበርኩ? ዓይኔ ደክሞ ይሆን?»

እመት ሽታዬ ቀደሙኝ። «ዓይንህስ ደኅና ነው። እኔም አላየሁህም» አሉ።

«ቆርጠውት ነው፣ አያ» አልኳቸው።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

ክቡር ሆይ፣ የአገር መዋረድ ምክንያቱን እዚያ ላይ ላስረዳቸው ይገባኝ ነበር፤ ምላሴ እንደ እርስዎ የሠለጠነ ስላልሆነ አልቻልኩም። አያ ነጋ የተውሶውን ጋቢ እያስተካከሉ፣ «አገሩ ሁሉ ‹አየህ ወይ› ብሎ እየጠበቀኝ ነው። ምን እላለሁ?» አሉ። ወደ አውቶቡሱ ሸኘኋቸው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ቆርጬ ጥዬአለሁ፤ የተጣለ ሰው ከጎኔ ቆሞ ምን አጠፋሁ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሥራ ስባረር ያልተናደድኩትን ያህል ያን ቀን ተናደድሁ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሲኒማ ቤቱ ሄጄ፣ ጸሐፊዎ ወለል ላይ የበተነውን ቁራጭ የጽዳቷ ሴት በቅርጫት አጠራቅማ አገኘሁት። የሲኒማ ቤቱ ባለቤትም አሮጌውን የፊልም ማሳያ እንዳነሣ ጀርባውን አዞረልኝ። «እኔ ዛሬ ግድግዳውን ነው የማየው» አለኝ። ሐጂ ዐብዱረሕማን ማኪናቸውን፣ የመብራት ሞተራቸውን፣ በእጃቸው የቀረውን ሙሉ የቴፕ ቅጂ ሰጡኝ። ነገሩ ከእርስዎ ጋር እንደሚያጣላቸው ብነግራቸው፣ «ሹም ሎሚናታዬን ይጠጣው እንጂ አይሽጥልኝ» አሉ።

እንደ ገና ቀጠልሁት። የተቧጨረ አለ፣ ሦስት ሥዕል ጠፍቷል፤ ሆኖም ማሲንቆውና አያ ነጋ ተገናኙ። በገበያው ቀን ድብ ባሕር ወርደን፣ በአንድ የእህል መጋዘን መስኮትና በር ላይ ብርድ ልብስ ጋርደን በጠራራ ፀሐይ አሳየን። አያ ነጋ አልመጣም ብለው ነበር፤ እመት ሽታዬ እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። የራሳቸውን ጋቢ ለብሰዋል።

እናኑ ስንኟን ጨረሰች፣ ማሲንቆው ቆመ፣ በሸራው ላይ አያ ነጋ አስነጠሱ። መጋዘኑ ሙሉ ሰው ባንድ አፍ «ይማርዎ!» አለ። አያ ነጋም ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ «ያኑራችሁ!» አሉ። ሰው ድገሙ አለን፣ ደገምን። አሥራ አንድ ጊዜ አሳየን፤ አሥራ አንድ ጊዜ ማሯቸው፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተነሥተው መለሱ። በመጨረሻ እመት ሽታዬ፣ «ተቀመጥ እንግዲህ፣ ጉልበትህን ለነገ አቆየው» አሏቸው።

ትናንት የደረሰኝ ጥብቅ ትእዛዝዎ እንግዲህ ስለዚህ ቀን ነው። ቁራጩን እንዳስረክብ፣ ማሳየቴን እንዳቆም፣ ጥፋቴን አምኜ የይቅርታ ወረቀት እንድፈርም ይጠይቃል። የወረቀቱ አማርኛ ያማረ ነው፤ ለመፈረም ግን አልታደልኩም። ቁራጩን አላስረክብም። ማሳየቴንም አላቆምም። ለድካምዎ ወሮታ ይሆን ዘንድ ቦታውን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ የፊታችን ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ነን፣ በሳምንቱ አዘዞ። ሊያስይዙኝ ቢፈቅዱ ከማሳያው አጠገብ ቆሜ ያገኙኛል፤ እባክዎን ፊልሙ እስኪያልቅ አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ ብቻ እንዲታገሡኝ እማጠናለሁ። አያ ነጋን ግን አይጠይቋቸው። እሳቸው የጠጡት ሐጂ ዐብዱረሕማን የሰጧቸውን ነው፤ የሳቁትም በራሳቸው አፍ ነው።

ወንበርዎ ይጽና፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ በደረሱበት ሁሉ የሚነሣልዎ ሰው አይጥፋ እያልኩ፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ፣ ትእዛዝዎን ለመፈጸም ግን ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ክንዱ ሐብተ ማርያም
የፊልም ቆራጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትእዛዙን ይዞ የመጣው ፖሊስ ከትናንት ወዲህ ጠፋብን ብለው እንዳይጨነቁ። እኔ ቤት ነው፤ ደኅና ነው፤ «ለምስክርነት እንዲመቸኝ ልመርምረው» ብሎ ፊልሙን ሰባት ጊዜ አይቷል። ስምንተኛውን እያስነሣሁለት ነው።