ግድግዳው ውስጥ የቆየ መርዶ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ቆርቆሮ ሃምሳ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኙ የተበሳ። መስኮት አምስት። በር ስድስት፣ አንዱ አይሸጥም። ማገርና ወራጅ አንድ ጋሪ ሙሉ።

አባዬ፣

ይህ ሁሉ የወጣው ከአንተ ቤት ነው። አፈር ከለበስክ ዛሬ አምስት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። መንገዱ በግቢያችን ላይ ስለሚያልፍ ወንዙ ዳር ያለነው ሁሉ እንድንነሳ ተነገረን። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት እያፈረስኩ ቆርቆሮውንና በሩን ስሸጥ ኖሬ፣ የራሴን ቤት ለሌላ አፍራሽ መስጠት አልሆነልኝም። የአጎቴን ሚስት እትዬ አስካለን ሳሪስ እኔ ዘንድ ወስጄ ሥራውን ራሴ ጀመርኩት።

ደረጀ ግን ከእኔ በፊት ጀምሮ ነበር። ልጅህን ታውቀዋለህ። በመጨረሻው ሳምንት፣ ትኩሳቱ ሲያስቀባዥርህ፣ “ወርቁን አትንኩት” ብለህ ነበርና አርባህ እንደወጣ አካፋ ገዛ። ከዘይቱናው ሥር ቆፈረ፣ ከውሻው ቤት ሥር ቆፈረ፣ የሽንት ቤቱን ጥግ ሳይቀር ቆፈረ። ተው ስለው፣ “አንቺ የቆርቆሮ ነጋዴ ነሽ፣ የወርቅ ነገር አይገባሽም” አለኝ። እኔም ነገሩ ገረመኝ። ወርቁማ የለም። አጎቴ ሽፈራው የእናቱን ወርቅ ሰርቆ በጅቡቲ ባቡር ጠፋ ብለህ የነገርከን አንተው አይደለህም? አያቴ “ያጠባሁት ጡት ይፍረደው” እያለች የሞተችው በዚያ ቃል ነው። እትዬ አስካለ በተሞሸሩ በዓመታቸው “የሌባ ሚስት” ተብለው፣ ወላጆቻቸው እንኳ አልቀበል ብለዋቸው፣ እኛ ቤት ጓዳ ውስጥ ያረጁት በዚያ ቃል ነው። ጎረቤት ሲገቡ ሴቶቹ የጆሮ ጌጣቸውን ሲነካኩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቤት ከማፍረሴ በፊት መለካት ልማዴ ነው። ስንት ማገር እንደሚወጣው የማውቀው በልኩ ነው። የእኛን ከውጭ ስለካው ዘጠኝ ሜትር ከአሥር ሆነ። ከውስጥ ክፍሎቹንና ግድግዳዎቹን ደምሬ ስምንት ከሠላሳ አገኘሁ። ሜትሩን የያዘው ሠራተኛ የተሳሳተ መስሎኝ ራሴ ደገምኩት። ያው ነው። ሰማንያ ሳንቲሜትር የበላው የእትዬ አስካለ ክፍል የጀርባ ግድግዳ ነው፤ አልጋቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት የተጠጋበት።

ያን ጊዜ ነው አንተን ማስታወስ የጀመርኩት። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሲመረግ ሌሎቹን ግድግዳዎች የቀን ሠራተኛ ይሠራቸዋል። ያንን ግን በሩን ዘግተህ፣ ጭቃውን ከጭዱ ጋር ራስህ ረግጠህ፣ ራስህ ትመርገው ነበር። አንድ ጊዜ በቀዳዳ አየሁህ፤ እጅህ ይለስናል፣ ከንፈርህ ያወራል። ጸሎት መሰለኝ።

ምርጊቱን በመሮ ፋቅኩት። በሌሎቹ ግድግዳዎች ሥር መጀመሪያ የተለጠፈው ጋዜጣ የንጉሡ ሥዕል ያለበት ነው። በዚህኛው ግን የመጀመሪያው ጋዜጣ የደርግ ነው። ስለዚህ ይህ ግድግዳ ከቤቱ ጋር አልተሠራም። ማገሩም በምስማር አልተመታም፤ በባቡር ሐዲድ ብሎን ነው የታሰረው። አንተ የባቡሩ መጋዘን ጸሐፊ ነበርክ፣ ብሎን የማጥበቅ እጅ አልነበረህም። ያ እጅ የነበራቸው የሐዲድ ሠራተኛው ጓደኛህ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው።

አንዱን ብሎን ፈትቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ቤታቸው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ከየት አመጣሽው?”

“ከግድግዳው።”

“ጨርሰሽ አፈረስሽው?”

“ገና ነኝ፣ ጋሼ።”

“እንግዲያ ቁጭ በይ፣ ልጄ። አባትሽ አስምሎኝ ነበር። እሱ ከሞተ ግን መሐላው ማንን ይይዛል?”

የነገሩኝን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ግን እኔም ማወቄን እወቅልኝ። አጎቴ ሽፈራው በዚያ ክፉ ዓመት በደርግ ይፈለግ ነበር። ጭኑን በጥይት ተመትቶ መጣብህ። እኛን ሴቶቹንና ልጆቹን ለተዝካር ብለህ ሞጆ ላክኸን፤ ከጋሽ ቶሎሳ ጋር ከነባሩ ግድግዳ ፊት ሌላ ግድግዳ አቁማችሁ እሱን መሃል ደበቃችሁት። ሐኪም መጥራት አልተቻለም፣ ቁስሉ መገለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ማልቀስም ማውጣትም አልተቻለም። እዚያው ቆፍራችሁ አስተኛችሁት። የቀበሌው ጠባቂዎች ሲመጡ “ሌባ ነው፣ የእናቱን ወርቅ ይዞ ጠፋ” አልካቸው። ሌባ ሲባል ቤቱ አይፈተሽም፣ የሚፈለገው ባቡር ላይ ነው። ውሸቱ እንዲታመን ግን ወርቁ መጥፋት ነበረበት። ስለዚህ ወርቁንም እሱ ዘንድ ከተትከው።

“ውሸቱ ሁለት ወር የሚቆይ መስሎን ነበር” አሉኝ ጋሽ ቶሎሳ። “ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት።”

ግድግዳውን ባለፈው ማክሰኞ ከፈትኩት። እዚያ ያየሁትን አልጽፍልህም። ለፖሊስ አመለከትኩ፤ አይተው፣ ጽፈው፣ ቅበሩት ብለው ሄዱ። ወርቁን የያዘው የብስኩት ቆርቆሮ ከራስጌው ነበር። የአንገት ሐብሉ፣ ሰባቱ የጸጉር ወለባ፣ ጉትቻው፣ ቀለበቱ፣ አንድም አልጎደለ። አባዬ፣ ለእኔ የደንብ ልብስ መግዣ አጥተህ ብስክሌትህን ስትሸጥ ይህ ሁሉ ከእኛ በአንድ ክንድ ርቀት ነበር። ለዚህ አከብርሃለሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ያሳለፍከውን አሥራ ስምንት ዓመት ግን ምን ልበለው? ያኔ ማን ይከለክልህ ነበር? የፈራኸው መንግሥትን አልነበረም፤ እናትህን በሐሰት አስረግመህ መቅበርህን ነው። እኔ እንደዚህ ቆጥሬዋለሁ። ከተሳሳትኩ ማረኝ።

ደረጀ የብስኩት ቆርቆሮውን ሲያይ ከአካፋው ጋር ተቀመጠ። እንካፈል የሚል መስሎኝ ነበር። “እኔ ጓሮ ስቆፍር እሱ እዚህ…” ብሎ አልጨረሰውም።

አሁን የቀረው እትዬ አስካለ ናቸው። ከቤቱ ያወጣኋቸው ቀን ልብሳቸውን ከሸከፉ በኋላ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ “ይህንን ቀስ ብላችሁ አፍርሱት” አሉኝ። ለምን ልላቸው ስል፣ “አባትሽ የደከመበት ነው” ብለው ቀደሙኝ። ያኔ አልገባኝም። ዛሬ ሳስበው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ለምን አላገቡም፣ አልጋቸውን ለምን አላዛወሩም፣ ስለ ባላቸው አንድ ክፉ ቃል ለምን ከአፋቸው አልወጣም እላለሁ። ምናልባት ያውቃሉ። አንተ ለእሳቸው ብለህ ዝም አልክ፣ እሳቸው ለአንተ ብለው ዝም አሉ። ቢያውቁ ግን ምን ይጠቅማቸዋል? ማወቅ መርዶ አይደለም። ሽማግሌ በንጋት በር አንኳኩቶ ካልነገረ፣ ሚስት ጥቁር አትለብስም፣ ጎረቤት ድንኳን አይተክልም፣ ሞት ሞት አይሆንም። ይህን ያህል ዓመት እንባቸውን ይዘው የተቀመጡት ሰው እስኪመጣላቸው ነው። አንተ መምጣት ነበረብህ። እኔ በአንተ ፈንታ እመጣለሁ።

ለእድሩ ተናግሬያለሁ፤ ድንኳኑ ሳሪስ ደጃፌ ላይ ይተከላል። ወርቁን በሰሐን አድርጌ ከመግቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ማንም ስለ እሱ ንግግር አያደርግም። ሌባ ያለው ሰው ሁሉ በፊቱ አልፎ ይገባል። ከቀብር በኋላ ወርቁ የእትዬ አስካለ ነው፤ ደረጀም እሺ ብሏል።

አባዬ፣ አንተንም አልረሳህም። ወንድምህን ሌባ ያልክበትን አፍና በየዓመቱ ግድግዳውን የለሰነውን እጅ ለያይቼ አላስታውስም፤ ሁለቱንም እይዛለሁ። ለእንቁጣጣሽ የምመርገው ግድግዳ የለኝም፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ሁለታችሁንም በስም እጠራችኋለሁ።

የማይሸጠው በር የጓዳው ነው። አጎቴ ሽፈራው ቁመቴን በምስማር እየጫረ የሚለካበት። የመጨረሻው ጭረት ደረቴ ጋ ይደርሳል፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ነገ፦ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጋሽ ቶሎሳን ለመርዶው ከቤታቸው ወስዶ ሳሪስ ማድረስ። ከዚያ በሩን ለሬሳ ሣጥን ሠሪው መውሰድ፣ እሑድም ይከፍታል። ሣንቃውን ሲልግ ጭረቶቹን እንዳያጠፋቸው መንገር።