ስልክሽ ሲጮህ

ልጄ ኬኔይልዌ፣ የአያቶችሽ አምላክ በሰው አገር ያቁምሽ፤ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ መጥቶ ጎመኑ ጓሮውን ሞልቶታል፤ ጉልበቴም ያው እንደምታውቂው ነው።

አንቺ ግን ቆሽቴን አሳረርሽው! «ልጆቼ ትምህርት ቤት አይሂዱ፣ እናቴ ቤት ታስተምራቸው» ያልሽው ራስሽ ነሽ። እሺ ብዬ እያስተማርኩ ነው። ብለሽ ብለሽ ደግሞ ጭንቀት ማስለቀቂያ ፕሮግራም ላክሽልኝ? እኔና ሁለቱ ልጆችሽ ደጅ ተቀምጠን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ባዘዝሽው መሠረት ስንተነፍስ ጎረቤታችን እማማ ሴጋሜትሲ አይታን «ምነው፣ ሰው ሞተባችሁ?» አለች።

እኛን ጭንቀት የሚለቀን ቅልብልቦሽ ስንጫወት ነው። ኦትሲሌ ጠጠር ይሰርቃል፣ እኔም እሰርቃለሁ፤ ማሴጎ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅብናለች።

ትናንትም እንዲሁ እየተሳሳቅን ስልክሽ ጮኸ። በየቀኑ ስትደውዪ ገና ሰላም ሳትዪያቸው የማባዛት ጥያቄ ትደረድሪባቸዋለሽ። ማሴጎ ሳቋን ዋጠችና «አያቴ፣ ተኝተዋል በያት» አለችኝ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። እኔም ተኝተዋል አልኩሽ።

እግዜር በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ፣ ልጄ። እባክሽ ዛሬ ስትደውዪ፣ ማን እንዳሸነፈ ጠይቂያቸው።

እናትሽ