ጨፌያችንን ጠፍ ያለው ወረቀት

ለማከብርዎ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? የእማዬስ ሳል ለቀቃት? ላሚቱስ ወለደች? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከንዴቴ በቀር ምንም አላመመኝም።

አባባ፣ «ልጅዎ ፈርማበታለች» ብለው ያሳዩዎትን ወረቀት እኔ አልፈረምኩበትም። እሠራበት የነበረው ቢሮ ጨፌያችንን እንዳጠና ልኮኝ ሁለት ወር ጭቃ ውስጥ ስከርም አይተውኛል። አምሳ ሦስት ዓይነት ወፍ፣ አምባዛውን፣ እንቁራሪቱን፣ ቄጠማውን ሳይቀር መዝግቤ፣ ረግረጉ በክረምት የጠጣውን በበጋ ለጉድጓዳችን እንደሚያቀብል ጽፌ አስረከብኩ። አለቃዬ ግን ዝርዝሩን ቆርጦ ጣለና «ጨፌ» ያልኩትን ሁሉ «ጠፍ» አደረገው። ጠፍ ከተባለማ ምንም የማይኖርበት መሬት ነው፤ አድርቆ ለአበባ እርሻ መስጠት ይቻላል። ስሜን ብቻ ከግርጌው ተወው።

ስጠይቀው «የጽሕፈት ስህተት ነው የኔ እናት፤ ደግሞስ ሁለቱም ጭቃ አይደል?» ብሎ ሳቀ። እርስዎ እለው የነበረውን ሰው «ጭቃውስ ያለው አንተ እጅ ላይ ነው» አልኩት። በማግስቱ ተባረርኩ።

አሁን ሲኒማ ራስ አጠገብ፣ አጎቴ ሽኩር ሱቅ ጨርቅ እሸጣለሁ። «ተምረሽ ተምረሽ ቄጠማ ቆጣሪ ሆንሽ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ትናንት ዝናቡ ሲወርድ ቱቦው የላስቲክና የሽንት ቤት ጥቁር ውሃ ተፋብን። ያ ሁሉ ጣቃ ገማ። አጎቴ አፍንጫውን ይዞ «እናንተ ጋ ይሄ ሁሉ ዝናብ የት ይገባል?» አለኝ። «ጠፉ ይጠጣዋል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አላሾፈም።

አባባ፣ የሐሙሱ ስብሰባ ላይ ጨፌው ለአበባ እርሻ ይሰጥ ብለው እርስዎ ከፈረሙ አገሩ ሁሉ ተከትሎ ይፈርማል። እባክዎ ጣትዎን ቀለም አያስነኩ። ያልተቆረጠው ጽሑፌ እጄ ላይ ነው፤ ረቡዕ ይዤው እገባለሁ። «ወፍ ከሰው ይበልጣል ወይ?» ካሉዎት፣ ጉድጓዱ ሲደርቅ ውሃ ከየት እንደሚያመጡልን ይጠይቋቸው።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እህቴ ጠሂራ ትምህርቷን እንዳትተው ይንገሩልኝ። ወንድሜ ጃፋር፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት እሱ ስለሆነ፣ ድምፁን ዝቅ እንዳያደርግ፤ ጎረቤትም ይስማ። ማሂራ ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ሰው እንዲፈርምበት አልሰጠሁም።

ልጅዎ ማሂራ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.